ክርንና ኃይል፦ የክርን ሕመም መነሻውና የሕክምና አማራጮቹ

በሰሜን ሸዋ ከፍተኛ ቦታዎች፣ በግሼ ወረዳ በምትገኘው በራቤል ከተማና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በእጅ ነው። ገብሱ በማጭድ ይታጨዳል፤ ለቤትና ለአጥር የሚሆነው ድንጋይ በመዶሻ ይጠረባል፤ የበግ ጸጉር ተሸልቶና ተባዝቶ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ባና ይሆናል፤ ከጓሳ ሣር ገመድ ይገመዳል። በዚህ ላይ ሊጥ ማቡካቱ፣ ወተት መናጡ፣ ልብስ አጥቦ መጭመቁ አለ። እነዚህ ሥራዎች በመልክ ቢለያዩም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፦ ጣቶች አንድን ዕቃ አጥብቀው ይይዛሉ፤ የእጅ አንጓም ቀኑን ሙሉ ይታጠፋል፣ ይጠመዘዛል። የሚገርመው ግን እንዲህ የደከመ እጅ ሲያም ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚሰማው በጣት ወይም በአንጓ ላይ አለመሆኑ ነው። የሚያመው ክርን ነው።

ሙያችን ሕክምና ሳይሆን ፊዚክስ መሆኑን ውድ አንባቢያን ያውቁታል። ይሁን እንጂ ክርን በሰውነታችን ውስጥ ካሉት ሌቨሮች፣ በአማርኛ መፈንቅል ከምንላቸው መሣሪያዎች፣ አንዱ በመሆኑ ስለ ሕመሙ የምንለው አናጣም። ከዚህም በላይ ለክርን ሕመም የሚቀርቡት የሕክምና ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ ዕረፍት፣ ክኒን፣ ቅባት፣ መታሸት፣ መርፌ፣ ወጌሻ፣ የአካል እንቅስቃሴ፣ ቀዶ ሕክምና። ከእነዚህ አንዱን ከመምረጥ በፊት ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ሕመሙ የጀመረው እንዴት ነው? ቀስ በቀስ በሥራ ብዛት የመጣ ሕመምና በመውደቅ በአንድ ቅጽበት የመጣ ሕመም ስማቸው አንድ ቢሆንም በሕክምናቸው እጅግ ይራራቃሉ። አንደኛው ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ በሁለተኛው ደግሞ የሰዓታት መዘግየት እጅን ሊያሳጣ ይችላል።

ትንሽ ሸክም፣ ትልቅ ኃይል

ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ጆቫኒ ቦሬሊ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1680 መታተም በጀመረው ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ በጻፈው መጽሐፉ፣ ጡንቻዎቻችን ከሚያነሡት ሸክም በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ኃይል እንደሚያወጡ በስሌት አሳይቷል። ስሌቱን እዚሁ መሥራት ይቻላል። ክርናችንን 90 ዲግሪ አጥፈን 5 ሊትር ውኃ የሞላ ጀሪካን በእጃችን ያዝን እንበል። ጀሪካኑ ከክርን መገጣጠሚያ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ክንድን የሚያጥፈው ጡንቻ ግን በታችኛው ክንድ አጥንት ላይ የሚጣበቀው ከመገጣጠሚያው 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ኃይልን በርቀት አባዝተን ሁለቱን ወገኖች እኩል ብናደርግ ጡንቻው ከሸክሙ ወደ 9 እጥፍ የሚጠጋ ኃይል ማውጣት እንዳለበት እናገኛለን። 5 ኪሎ ግራም ለመያዝ ጡንቻው የ44 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይስባል ማለት ነው፤ የክንዱን የራሱን ክብደት ገና ሳንቆጥር።

ተፈጥሮ ይህን ያደረገችው ያለ ምክንያት አይደለም። ጡንቻው ጥቂት ሲያጥር እጅ ብዙ ርቀት እንዲጓዝ፣ በፍጥነትም እንዲወነጨፍ ኃይልን በፍጥነት ለውጣለች።

በእጅ አንጓ ላይም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል። መዳፋችንን ወደ ታች አድርገን 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ድንጋይ ብናነሣ ድንጋዩ ከአንጓው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አንጓውን ወደ ላይ ይዘው የሚያቆዩት ጅማቶች ግን ከመገጣጠሚያው መሐል ያላቸው ርቀት ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። በመሆኑም ቢያንስ የ8 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይሳባሉ። እነዚህ ጡንቻዎች በታችኛው ክንድ ጀርባ በኩል ወደ ላይ ወጥተው የሚጣበቁት በክርን ውጪያዊ ጎን ባለችው የአጥንት ጉብታ ላይ ነው። በተለይ አብዝቶ የሚጎዳው ጅማት የሚይዛት ሥፍራ ከአውራ ጣት ጥፍር አትሰፋም። የጠራቢው፣ የአጫጁና የፈታይዋ የቀን ሥራ የሚያርፈው እንግዲህ በዚህች ሥፍራ ላይ ነው።

ዕቃ ባይነሣ እንኳ መጨበጥ ብቻውን ይበቃል። አንባቢ ይህን ራሱ ሊሞክረው ይችላል፦ የግራ መዳፍን ከቀኝ ክርን ዝቅ ብሎ በታችኛው ክንድ ጀርባ ላይ አሳርፎ ቀኝ እጅን አጥብቆ መጨበጥ ነው። የጀርባው ጡንቻ ሲጠነክር ይታወቃል። ጣቶችን የሚያጥፉት ጡንቻዎች አንጓውንም አብረው ሊያጥፉት ስለሚሞክሩ የጀርባዎቹ በተቃራኒው መሳብ አለባቸው፤ አለዚያ ጭብጡ ይላላል።

ቴኒስ በሌለበት የቴኒስ ክርን

ይህ ሕመም በሕክምናው ዓለም የሚታወቀው የቴኒስ ክርን በሚል ስም ነው። በራቤል ሜዳ ቴኒስ የሚጫወት ሰው መፈለግ ድካም ነው። ሕመሙን በመጀመሪያ የገለጸው ሩንጌ የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም ሲሆን፣ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1873 ያያያዘው ከመጻፍ ጋር ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1880ዎቹ መጀመሪያ፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች በዘመኑ ፋሽን ከነበረው ጨዋታ ጋር አገናኙት፤ ስሙም በዚያው ጸና። ስያሜው ከኛ አገር ቢነሣ ኖሮ የአጫጅ ክርን ወይም የፈታይ ክርን በተባለ ነበር።

ምልክቱ ግልጽ ነው። ከክርን በውጪ በኩል ያለችው ጉብታ ስትነካ ታማለች፤ ሲኒ ማንሣት፣ በር መክፈት፣ ጨርቅ መጭመቅ፣ እጅ መጨባበጥ ያስቸግራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ35 እስከ 55 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ሕመሙ በውስጠኛው ጎን ከሆነ ደግሞ አንጓን ወደ ውስጥ የሚያጥፉት ጡንቻዎች መነሻ ተጎድቷል ማለት ነው፤ ሕክምናው ግን ብዙም አይለይም።

በአገራችን እንዲህ ያለው ሕመም ሥር ዞሮ ነው ይባላል። ሥር የሚለው ቃላችን ደም የሚያመላለሰውንም፣ ስሜት የሚያደርሰውንም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘውንም ጠቅልሎ ይይዛል። ቋንቋው በዚህ የሚወቀስ አይደለም፤ በቆዳ ላይ ሲዳሰሱ ሁሉም እንደ ክር ናቸውና። ችግሩ የዞረ ነገር መመለስ አለበት ወደሚል መደምደሚያ መድረሱ ላይ ነው። በቴኒስ ክርን ውስጥ የዞረ ነገር የለም፤ በማሸትና በመጫን የሚመለስም የለም። አሜሪካውያኑ ኒርሽልና ፔትሮን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት በቀዶ ሕክምና የወጣውን ጅማት በማይክሮስኮፕ ሲያዩት፣ እንደተጠበቀው በብግነት ሕዋሳት የተሞላ ሆኖ አላገኙትም። ያዩት ሥርዓቱን ያጣ የጅማት ጭረት ነበር። በጤናማ ጅማት ውስጥ ኮላጅን የተባለው ፕሮቲን በደንብ እንደ ተገመደ ገመድ ጎን ለጎን ይሰለፋል፤ በታመመው ግን ጭረቶቹ ተተራምሰዋል። ጅማቱ ከሚጠገንበት ፍጥነት በበለጠ ተሥሏል፤ የእንዲህ ያለው ጅማት ጥገናም በሳምንታትና በወራት የሚቆጠር ነው።

መርፌው፣ እንቅስቃሴውና ጊዜው

የክርን ሕመም ይዞት ወደ ሕክምና የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚመኘው መርፌ ነው። ኮርቲዞን የተባለው መድኃኒት በሚያመው ሥፍራ ሲወጋ በርግጥም ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታገሣል። ነገር ግን የአንድ ሕክምና ዋጋ የሚለካው በምን ያህል ጊዜ ርቀት ነው? እ.ኤ.አ. በ2002 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት ለዚህ ጥያቄ የማያሻማ መልስ ሰጥቷል። 185 ሕሙማን በዕጣ በሦስት ተከፈሉ፤ ለአንዱ ቡድን ኮርቲዞን ተወጋ፣ ሁለተኛው ፊዚዮቴራፒ ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምክር ብቻ ተሰጥቶት እንዲጠብቅ ተደረገ። ከ6 ሳምንት በኋላ ውጤት ያገኙት መርፌ ከተወጉት 92 በመቶ፣ ከፊዚዮቴራፒው 47 በመቶ፣ ከጠበቁት ደግሞ 32 በመቶ ነበሩ። ጥናቱ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ሁሉም ሰው መርፌ ይወጋ ነበር። ከ52 ሳምንት በኋላ ግን ቁጥሩ ተገለበጠ፤ መርፌ 69 በመቶ፣ ፊዚዮቴራፒ 91 በመቶ፣ መጠበቅ 83 በመቶ። በዓመቱ መጨረሻ ምንም ያልተደረገላቸው ሰዎች ከተወጉት በልጠው ተገኙ።

ውጤቱ የአጋጣሚ እንዳልነበረ በኋላ የተደረጉት አረጋግጠዋል። በአውስትራሊያ 165 ሕሙማን ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ጥናት፣ ከዓመት በኋላ የዳኑት ወይም በእጅጉ የተሻላቸው ኮርቲዞን ከተወጉት 83 በመቶ፣ መድኃኒት የሌለው ፈሳሽ ከተወጉት ግን 96 በመቶ ሆነዋል። ሕመሙ ያገረሸባቸው ከመጀመሪያዎቹ 54 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። መድኃኒቱ ጅማት የሚጠግኑትን ሕዋሳት ሥራ እንደሚያዳክም ይታወቃል። በእኛ ግምት ሌላም ምክንያት ሳይጨመርበት አይቀርም፤ ሕመም የሸክም መቆጣጠሪያ ነው፣ መቆጣጠሪያው ሲዘጋ ሰውየው ያልዳነውን ጅማት ይዞ በማግስቱ ወደ አጨዳው ይመለሳል። መርፌው ፈጽሞ የተከለከለ ነው አንልም፤ ሕመሙ እንቅልፍ ለነሣው ሰው ሐኪም አመዛዝኖ ሊያዝለት ይችላል። ደጋግሞ መወጋት ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

ታዲያ ምን ይሻላል? አንደኛው ነገር ሸክሙን መቀነስ ነው፤ እጅን ጨርሶ አሥሮ ማስቀመጥ ማለት ግን አይደለም። መዳፍን ወደ ላይ አዙሮ፣ ክርንን አጥፎ፣ ዕቃውን ወደ ሰውነት አስጠግቶ ማንሣት ሥራውን ከተጎዱት ጡንቻዎች ወደ ጠንካራው የላይኛው ክንድ ጡንቻ ያሸጋግረዋል። የማጭድና የመዶሻ እጀታ ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ጠምጥሞ ማወፈር የመጨበጥን ድካም ያቃልላል። እርጥብ ጋቢ መጭመቅ ለጊዜው ለሌላ ሰው ቢተው መልካም ነው።

ሁለተኛውና ዋነኛው እንቅስቃሴ ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያሻም። የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ሲሞላ ግማሽ ኪሎ ግራም፣ የአንድ ሊትሩ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ሚዛን በሌለበት ቤት ይህ የታመነ ሚዛን ነው። የታመመውን ክንድ ጠረጴዛ ወይም ጭን ላይ አስደግፎ፣ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ፣ እጅን ከጠርዙ ውጪ በማሳለፍ ጠርሙሱን መያዝ። ከዚያ በሌላው እጅ እየረዱ አንጓውን ወደ ላይ ማንሣት፤ ሲወርድ ግን የታመመው እጅ ብቻውን ከ4 እስከ 5 ሰከንድ ወስዶ ቀስ ብሎ ያውርደው። 15 ጊዜ አድርጎ ማረፍ፤ እንዲህ ሦስት ዙር፣ በየቀኑ። ቀላል ሕመም ቢሰማ አያስደነግጥም። ሕመሙ እስከ ማግስቱ ከጸና ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ከሳምንት በኋላ ምንም ካልተሰማ ደግሞ ጥቂት ይጨመራል። ጭረቶቹ በሚሳቡበት አቅጣጫ ተሰልፈው እንዲሠሩ የሚያደርጋቸው ይኸው ልከኛ ስበት ነው። መዶሻ ያለው ሰው አንጓን ወደ ግራና ቀኝ የማዞሩን ልምምድ በእርሱ ሊሠራው ይችላል፤ በመጀመሪያ ከራሱ አጠገብ ይያዘው፣ እየበረታ ሲሄድ ወደ እጀታው ጫፍ ይራቅ። ክብደቱ ሳይለወጥ ጠምዛዡ ኃይል ያድጋል። ይህ ሁሉ ቢያንስ ከ2 እስከ 3 ወር ይፈልጋል።

ስለ ቀሩት ባጭሩ እንናገር። ፓራሲታሞል ሕመምን ለማስታገሥ ይጠቅማል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክም እንዲሁ፣ ነገር ግን የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዷቸው፤ ዳይክሎፌናክ በቅባት መልክ ሲሆን ለጨጓራ ይቀላል። ከራስ ደም የሚዘጋጀው መርፌ በውጭ አገር ብዙ ገንዘብ ቢወጣበትም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው የኮክሬን የጥናቶች ግምገማ ይህን ያህል ጥቅም አላገኘበትም። ቀዶ ሕክምና ከ6 ወር እስከ ዓመት በአግባቡ ታክሞ ላልዳነ ጥቂት ሰው የሚታሰብ ነው። ዋግምትና በእሳት መተኮስ ቁስል ከማትረፍ በቀር ጅማቱ ዘንድ አይደርሱም።

የክርን ሕመም ሁሉ ግን ከጅማት አይደለም። ትንሿ ጣት የምትደነዝዝ ከሆነ በክርን ውስጠኛ ጎን የሚያልፈው ነርቭ ተጨንቋል። የክርን ጫፍ አብጦ ቀልቶና ግሎ ትኩሳት ካመጣ መግል ይዞ ሊሆን ይችላል። ለወራት እያበጠ ከሚሄድ መገጣጠሚያ ጋር መክሳትና የሌሊት ላብ ከታየ የአጥንት ሳንባ ነቀርሳ መመርመር አለበት። እነዚህ በልምምድ አይድኑም።

ከወደቁ በኋላ

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት እንሂድ። ልጆች ከአህያ ጀርባ፣ ከዛፍ፣ ከድንጋይ ካብ ላይ ሲወድቁ እጃቸውን ዘርግተው መሬቱን ይቀበላሉ። በዚህ ጊዜ፣ በተለይ ከ5 እስከ 7 ዓመት ባሉት ላይ፣ የላይኛው ክንድ አጥንት ከክርን ከፍ ብሎ ባለው ስስ ሥፍራ ይሰበራል። ከዚህ ሥፍራ ፊት ለፊት ለእጅ ሁሉ ደም የሚያደርሰው የደም ቧንቧና ለጣቶች ስሜት የሚሰጠው ነርቭ ያልፋሉ። ሥፍራው በፍጥነት ያብጣል። የልጁ ወላጆች በአብዛኛው በመጀመሪያ የሚወስዱት ወደ ወጌሻ ነው፤ ቅርብ ነው፣ የታወቀ ነው፣ ዋጋውም አይከብድም።

የወጌሾች ዝና እንዲያው የመጣ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሕፃን ልጅ በእጁ ተጎትቶ ሲነሣ የታችኛው ክንድ አንዱ አጥንት ከማሠሪያው ሾልኮ የሚወጣበት ጉዳት አለ፤ ሕፃኑ እጁን አንጠልጥሎ ያለቅሳል። ክንዱን በልዩ መንገድ አንድ ጊዜ ማዞር ብቻ አጥንቱን ይመልሰዋል፤ ሕፃኑም በደቂቃዎች ውስጥ መጫወት ይጀምራል። ይህን ያየች እናት ብታምን ምን ይደንቃል? ነገር ግን በዚህ የተገኘው አመኔታ ለስብራቱም ይውላል። በስብራት ላይ ሲደርስ ማሸቱና መጎተቱ የበለጠ ያደማል፤ በጡንቻው ውስጥ አጥንት እንዲበቅልና ክርኑ ደርቆ እንዲቀር ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከዚያም የሚከተለው በቀርከሃ ወይም በሽመል ስንጥቅ ደግፎ በጨርቅ አጥብቆ መጠምጠም ነው።

እዚህ ላይ የፈረንሣዩ ሊቅ ላፕላስ ሕግ ይመጣል። በክብ ነገር ላይ የተጠመጠመ ጨርቅ የሚያሳድረው ግፊት፣ የተሳበበት ኃይል ለጨርቁ ስፋትና ለክቡ ግማሽ ዲያሜትር ብዜት ሲካፈል የሚገኘው ነው። 5 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋ ጨርቅ በ1 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ኃይል ተስቦ፣ ግማሽ ዲያሜትሩ 4 ሳንቲ ሜትር በሆነ የአዋቂ ክንድ ላይ አንድ ዙር ቢጠመጠም ግፊቱ ወደ 37 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። በልጅ ክንድ ላይ፣ ግማሽ ዲያሜትሩ 2 ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ ያው ጨርቅ በዚያው ኃይል 60 ሚሊ ሜትር ያደርሳል። በላዩ ሌላ ዙር ሲደረብ 120። በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት ግን 30 ገደማ ነው፤ የአንድ የ6 ዓመት ልጅ ከፍተኛው የደም ግፊትም 100 አካባቢ ነው። ጨርቁ በጠበበ፣ ክንዱም በቀጠነ ቁጥር አደጋው ይብሳል። እጁ ከታሠረ በኋላም ማበጡን ስለማያቆም፣ የማይለጠጥ ጨርቅ ውስጥ ያለው ግፊት ማንም ሳይነካው ያድጋል።

ደም የተከለከለ ጡንቻና ነርቭ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል። ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ፎልክማን እ.ኤ.አ. በ1881 የገለጸው ጣቶች እንደ ጥፍር ተቆልምመው የሚቀሩበት አካለ ስንኩልነት የዚሁ ውጤት ነው። ከዚህ የባሰው መጥቆርና መበስበስ ሲሆን ፍጻሜው መቁረጥ ነው። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ከወጌሻ ማሠሪያ በኋላ እጃቸው የተቆረጠ ልጆች ጉዳይ በተደጋጋሚ ተጽፏል። ደስ የሚለው፣ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ወጌሾችን ለአጭር ጊዜ ማሠልጠን በዚህ ሰበብ የሚቆረጡትን ቁጥር መቀነሱን ማሳየታቸው ነው። ወጌሻውን ማግለል ሳይሆን ማስተማር እንደሚያዋጣ እኛም እናምናለን።

ስለዚህ ወድቆ ክርኑ ያበጠበትን ልጅ ማንም ሰው አያሸው፣ አይጎትተው። ቀለበትና አምባር ይውለቅ። እጁ በተገኘበት ሁኔታ ሳለ፣ በአንድ ጎን ጠፍጣፋ እንጨት ወይም የተጠቀለለ ካርቶን ተደርጎ፣ ከስብራቱ በላይና በታች ላላ ተብሎ ይታሠር፤ በነጠላ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ራጅ ወደሚገኝበት ሆስፒታል፣ ከራቤል ወደ መሐል ሜዳ ወይም እስከ ደብረ ብርሃን፣ በዚያው ዕለት ይጓዝ። በመንገድ ላይ ጥፍሩን ተጭኖ መልቀቅ ነው፤ ቀይ መልኩ በ2 ሰከንድ ውስጥ ካልተመለሰ ማሠሪያው ይላላ። እንደ ግሼ ባለ ብርዳማ አገር የልጅ ጣት በጤናውም ይቀዘቅዛልና የታመመው ከጤነኛው እጅ ጋር ይነጻጸር። ጣቶቹን ሌላ ሰው ቀስ አድርጎ ሲዘረጋለት ልጁ ከጮኸ፣ ሕመሙ ከታሠረ በኋላ እየጨመረ ከሄደ፣ ጣቶቹ ከደነዘዙ ማሠሪያው እስከ ቆዳው ድረስ ይፈታ፤ የልብ ምቱ በአንጓው ላይ እስኪጠፋ አይጠበቅ፣ እርሱ የመጨረሻው ምልክት ነውና።

የላፕላስ ሕግ ወጌሻና ሐኪም አይለይም። በሆስፒታል የታሠረ ጀሶም ክንዱ ውስጡ ሲያብጥ እንዲሁ ያንቃል፤ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀሶውን በግማሽ ብቻ የሚያደርጉት ወይም በርዝመቱ የሚሰነጥቁት ለዚህ ነው። ጀሶ ታሥሮለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ ሌሊት ጣቶቹ አብጠው ቢያለቅስ፣ በካርዱ ላይ የተጻፈው የቀጠሮ ቀን ሳይጠበቅ በዚያው ሌሊት ጀሶውን ሊያላላ ወደሚችል ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።